ለኪሳራና ጉዳት ፈንድ ቦርድ፦ ጤናን ከወረፋው መጨረሻ አንሱት

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የእናንተ ፈንድ የተቋቋመው የአየር ንብረት ለውጥ የጎዳቸውን ታዳጊ አገሮች ለመርዳት ነው። ለአየር ንብረት ለውጥ ዋናውን ሂሳብ እየከፈለ ያለው አየሩን የበከለው አይደለም። እየከፈለ ያለው ደሃው ነው፤ ያውም በጤናው።

ፓኪስታንን ተመልከቱ። በ2022ቱ ጎርፍ ከ1,700 በላይ ሰው ሞተ፣ 33 ሚሊዮን ሕዝብ ተጎዳ። አገሪቱ ወደ ዓለም አየር ከሚለቀቀው በካይ ጋዝ ያላት ድርሻ ግን 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ውሃው በተኛበት ሁሉ ወባና ተቅማጥ ተነሳ፤ ይሄኛው ዙር ዜና ላይ ብዙም ቦታ አያገኝም፣ ሰው መግደሉን ግን አያቆምም። ጠቅላላ ጉዳቱና ኪሳራው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገመተ። ለእናንተ ፈንድ፣ ለመላው ታዳጊ ዓለም ማለት ነው፣ ቃል የተገባው ከ800 ሚሊዮን ዶላር ብዙም አይዘልም።

ገንዘቡን የነፈጋችሁ እናንተ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ሀብታም አገሮች እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናደርሳለን ብለው ነበር። ያ መጠን የተሞላው ግን በ2022 ነው። አብዛኛው ደግሞ ብድር ነው! ክሊኒኩን ጎርፍ የወሰደበት አገር መልሶ ሊሠራው ሲነሳ ዕዳ ይጨመርበታል ማለት ነው። ይሄ በምንም መልኩ ፍትሕ ሊባል አይችልም።

እናንተን የምጠይቀው ግን በእጃችሁ ስላለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2030 እስከ 2050 ባለው ጊዜ በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት በዓመት 250,000 ያህል ተጨማሪ ሰው በምግብ እጥረት፣ በወባ፣ በተቅማጥና በሙቀት ሊሞት እንደሚችል ይገምታል። ከዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ፈንዶች ለጤና ሥራ በቀጥታ የሚደርሰው ግን 0.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ይላል፣ ይኸው ድርጅት። እንዲህ የሆነበት ምክንያት ለእኔ ግልጽ ነው፤ ስለ ገንዘቡ የሚነጋገሩት የፋይናንስና የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ናቸው፣ የጤና ሰዎች ደግሞ ሌላ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚሰበሰቡት። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጤና አንድ ቀን የሰጠው በ28ኛው ስብሰባው፣ በ2023 ዱባይ ላይ ነው።

የእናንተ ቦርድ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ይለያል። እዚያ አሜሪካ ብቻዋን ትልልቅ ውሳኔዎችን ማገድ ትችላለች። እናንተ ጋ ከ26 መቀመጫ 14ቱ የታዳጊ አገሮች ናቸው። ይህ ብቻውን ውሳኔ ለማሳለፍ ባይበቃም ትልቅ ድምፅ ነውና ተጠቀሙበት።

ለመጀመሪያው ዙር የመደባችሁት 250 ሚሊዮን ዶላር በእርዳታ መልክ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፣ በዚሁ ቀጥሉ። ከዚያ ላይ ግን ለጤና የተለየ ድርሻ አስቀምጡ። ጎርፍ ወይም አውሎ ነፋስ ሲመታ የኮሌራ መድኃኒትና የወባ አጎበር መግዣው በወራት ሳይሆን በቀናት ይድረስ፤ ቢቻል በቀጥታ ለአካባቢው ጤና ተቋማት። በየዓመቱም ስንት ገንዘብ ለጤና እንደዋለ፣ የትኛው አገር ጠይቆ እንደተከለከለና ለምን እንደተከለከለ ለሕዝብ ይፋ አድርጉ።

መልሳችሁን በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ ውሳኔ ላይ እንጠብቃለን።