ከሳነቴ እስከ ሰፈራችን ውሾች
የተፈጥሮና የዱር እንስሳት ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን የሰማነው መስከረም ላይ፣ ገና ተማሪዎችን በየክበቡ ስንደለድል ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባችን ከአባላቱ የተነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ቲቸር፣ መቼ ነው የምንሄደው?»

ኅዳር ላይ ሄድን። 32 ተማሪዎችና ሦስት መምህራን ሆነን ከአዳማ ተነሥተን በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ዲንሾ ደረስን። የተከራየነው መኪና ሦስት ሰዓት ያህል በር ላይ ስላስጠበቀን የገባነው ሲመሽ ነው። ልጆቹ ደጋ ምን እንደሆነ ያወቁት ያን ሌሊት ነው፤ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተካፍለው አደሩ።

በማግስቱ ጠዋት በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባለው የኮሶና የጥድ ጫካ ውስጥ የደጋ አጋዘን አገኘን። ለዚህ ብዬ ከቤቴ አንድ የአሥር ሳንቲም ይዤ ነበር። ልጆቹ በሳንቲም ገበያ ስለማያውቁ በላዩ የተቀረጸው ይኸው አጋዘን መሆኑን አላስተዋሉም። አንዱ ተማሪ ሳንቲሙን በዓይኑ ትይዩ ከፍ አድርጎ ይዞ ቀንዱን ከቀንዱ ጋር ሲያስተያይ ቆየ። አጋዘኑም እኛን እያየ ያመነዥካል። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ ሴቶቹ ከኋላው በቡድን ቆመው ነበር።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ሳነቴ ነው። ከጎባ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ የአስታውን ጫካ ካለፈ በኋላ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ገላጣ ሜዳ ላይ ያወጣል። እዚህም እዚያም ከቆመው ጅብራ በቀር ዛፍ የሚባል የለም። ራሳቸውን ያመማቸው ሁለት ልጆች ስለነበሩ ቀስ ብለን እንራመድ ነበር፤ ቀይ ቀበሮውን ያየነውም በዚህ መሃል ነው። መቶ እርምጃ አይርቀንም። እግረ ረጅም፣ ጉሮሮው ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር። እኛን ከቁም ነገር አልቆጠረንም፤ ዓይኑ አፈሩ ገና ባልደረቀ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ ነበር። ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ሳያሳርፍ ጠበቀ። ዘለለ፤ ሳተው። አፍንጫውን ከጉድጓዱ ከትቶ አሸተተና ወደ ሌላው ጉድጓድ ሄደ። ግዙፉ ፍልፈል የሚኖረው ባሌ ላይ ብቻ ሲሆን ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ለቀይ ቀበሮው ዋና ምግቡ ነው። ቀበሮው ከቤተሰቡ ጋር ቢኖርም ለአደን የሚወጣው ብቻውን ነው። አስጎብኚያችን በአፋን ኦሮሞ «ጀዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ እንደሚባል ነገረን። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ያሉት ባሌ ነው።

ትንሽ ቆይቶ አንድ እረኛ ከብቱን እየነዳ አለፈ። ውሻው ይከተለዋል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን «ጋሼ፣ ያ ውሻ ተከትቧል?» ብላ አስጎብኚውን ጠየቀችው። ወዲያው አልመለሰላትም። በኋላ በ1996 ዓ.ም. የሆነውን አጫወተን፤ በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከቀበሮዎቹ ከአራት ሦስት እጅ ያህሉን ጨረሰ። በሽታው የሚመጣው ከውሻ ነው። በፓርኩ ዙሪያ ውሾች ሲከተቡ ዓመታት ተቆጥረዋል። «ግን ውሻ በየዓመቱ ይወልዳል፤ ከብት ተከትሎም አዲስ ይመጣል» አለ።

ለዓመቱ መዝጊያ ያሰብነው የፎቶ ኤግዚቢሽን ነበር። ከጉዞው መልስ ግን ልጆቹ ስለ ፎቶ ማውራቱን ትተው ስለ ውሻ ብቻ ማውራት ያዙ። «አዳማ ቀይ ቀበሮ የለም፤ የእኛ ውሻ ቢከተብ ለባሌ ምን ይፈይዳል?» ብለው የተከራከሩም ነበሩ። እውነታቸውን ነው፤ አዳማ የተከተበ ውሻ የሳነቴን ቀበሮ አያድንም። ይኸው በሽታ ግን እኛ ሰፈር የሚቀጥፈው ልጆችን ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም። ስለዚህ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ የክበቡ አባላት የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት አስተማሩ። እያንዳንዱ አባል የጎረቤቱን ውሾች በአንድ ደብተር መዘገበ፤ የካቲት ላይም አንድ ቅዳሜ ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር ተነጋግረን ማስከተብ ጀመርን።

ያን ቀን ጠዋት ሰው ይቀርብን ይሆን ብዬ ጨንቆኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ውሾቻቸውን በገመድ እየጎተቱ መምጣት ጀመሩ። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ቡቺ አልሄድም ቢለው አቅፎት መጣ፤ ዩኒፎርሙ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ሐኪሟ ስትወጋው ዓይኑን የጨፈነው ልጁ ነው።

ደብተሩን ሰኔ ላይ ከተፈታኞቹ የ12ኛ ክፍል አባላት የተረከበችው ያቺ ሳነቴ ላይ የጠየቀችው ተማሪ ናት። ክትባቱ በየዓመቱ ስለሚደገም በእያንዳንዱ ውሻ ስም ትይዩ በእስክሪብቶ «የካቲት 2017» ብላ ጽፋበታለች።