ለአብሮ አደጌ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ይድረስ ለውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በይኝ። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስፈለገ ትይ ይሆናል። በስልክ ስጀምረው እንባዬ እየቀደመኝ ነው።

እማዬን አምና ከፋሲካ በኋላ ስትሮክ መታት። ቡና እየቆላች ሳለ ብረት ምጣዱ ከእጇ ወደቀ። ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት፣ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ከአራተኛ ፎቅ በብርድ ልብስ ተሸክመን አወረድናት። የብሎካችን ልጆች ውለታ መቼም አይረሳኝም። ዛሬ ትራመዳለች፣ ትናገራለች። የቀሚሷን ቁልፍ ግን እኔ ነኝ የምቆልፍላት።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ምን መሰለሽ? እማዬ እኮ የደም ግፊት ታካሚ ነበረች። ስድስት ዓመት አንድ ቀጠሮ አልዘለለችም። ሰው ሲጠይቀኝ "ክትትል ላይ ናት" እል ነበር፣ ልክ ግፊቷ እንደወረደ ሁሉ። ከሆስፒታል ስንወጣ የክትትል ካርዷን ገለጥኩት። 160/100። 170/95። 165/100። ከ140/90 በታች መሆን ነበረበት። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ ያው መድኃኒት፣ በያው መጠን። መጠኑ አልተጨመረ፣ ሁለተኛ መድኃኒት አልታከለ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ባለሙያዎቹም ይደክማሉ፤ ይገባኛል። ግን ስድስት ዓመት! እኔስ ብሆን ካርዱን አንድ ቀን መቼ አየሁት?

ሌላውን ጉድ የሰማሁት ቆይቶ ነው። የምትወስደው የግፊት መድኃኒት፣ ኢናላፕሪል፣ ያስላት ነበር። ደረቅ ሳል፣ በተለይ ማታ ማታ። አንዳንድ ሰው ላይ መድኃኒቱ ራሱ እንደሚያመጣው፣ ሐኪም ከሰማ በሌላ እንደሚቀይረው የነገራት የለም። እሷም ዝም ብላ ትተወዋለች፣ ቀጠሮዋ ሲቃረብ ትጀምረዋለች። ለምን አልተናገርሽም ስላት "ሐኪሙ እንዳይቀየመኝ ብዬ ነው ልጄ" አለችኝ። በጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ስለማትቀምስ የጠዋቱ ይዘለላል። ለጉልበቷ ከመድኃኒት ቤት እየገዛች የምትውጠው የሕመም ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክም ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ይህን ሁሉ አንድ ቤት እየኖርኩ አላወቅኩም።

ጨዉን ደግሞ ስሚኝ። ወጡ ላይ ቀንሰናል ብለን ተኝተን ነበር። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም እንደዚያው። ድስቱ ላይ ደግሞ እንደገና እንነሰንሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ዘንድሮ በርበሬውንም ሽሮውንም ያለ ጨው አስፈጨሁ። የመጀመሪያው ወር ምንም አልጣፈጠንም። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ አበዛሁ። አሁን ለምደነዋል፤ እንዲያውም ሰው ቤት ስንበላ ጨው ጨው ይለናል።

አሁን ሁለት መድኃኒት ነው የምትወስደው፣ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ለጾሙም ሐኪሟ ሰዓቱን አስተካክሎላታል። መለኪያ ማሽን ገዝተናል። ጠዋት ቡና ሳይፈላ ወንበሩን ተደግፋ አምስት ደቂቃ ትቀመጣለች። ክንዷን ጠረጴዛ ላይ በልቧ ትክክል ታሳርፋለች። እስኪለካ ማንም አያወራም። ትናንት 132/84 ነበር። ቁጥሩን ሳይ የተሰማኝን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ እህትሽ ስለነገረችኝ ነው። አንቺም ላይ ግፊት ተገኝቷል አሉ። ሁለት ወር ወስደሽ "ምንም አያመኝም" ብለሽ አቆምሽው። እማዬንም እኮ አላመማትም ነበር፣ እስከዚያች ቡና ድረስ። በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግፊታቸው በቁጥጥር ስር የሆነው ከአምስት አንዱ ያህል ብቻ ነው። አንቺ ከዚያ ከአንዱ ወገን እንድትሆኚልኝ ነው የምለምንሽ።

ተመልሰሽ ሂጂ። አቁሜው ነበር በያቸው፣ አትፈሪ። ካሳለሽ ወይም እግርሽ ካበጠ ተናገሪ። ቁጥሬ ስንት ነው፣ ስንት መሆን አለበት ብለሽ ጠይቂ። ካልወረደ ደግሞ ምን ይደረግ በይ። የእኔ ጥፋት ይህን አለመጠየቄ ነው።

በዚህ ሳምንት ተለክተሽ ቁጥሩን ላኪልኝ። የሰፈሩን ወሬ ከዚያ በኋላ እጽፍልሻለሁ። እማዬ በጣም ናፍቀሻታል። ከታች የምታዪው ጭረት የእሷ ፊርማ ነው፤ በግራ እጇ ነው የፈረመችልሽ።

የአንቺው