ስሙ ሳያልቅ መብራት አይብራ

ክቡር አዘጋጅ፣

የናሳ የሂሳብ ባለሙያ ካትሪን ጆንሰን የአሜሪካዊውን ጠፈርተኛ የጆን ግሌንን የጠፈር ጉዞ ስሌት ያጣራችው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙ ተመልካች ስሟን የሰማው ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ታሪኳን የሚያሳየው ፊልም «ሂድን ፊገርስ» ሲወጣ ነው።

ሐዋሳ ላይ ፊልም የምትሠሩ ወጣቶች፣ በፊልሙ መጨረሻ የሚታየውን የሠራተኞች ስም ዝርዝር ለመጨረሻዋ የሥራ ሌሊት አታቆዩ። ቀረጻው ሲጀመር ወረቀት ይዙር፤ ሁሉም ስሙን ከነአባቱ በራሱ እጅ ይጻፍ። በስልክ ሲነገር ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ይምታታሉ። ጄኔሬተር ያስነሳው፣ ምግብ ያበሰለችው፣ ቤታቸውን ለቀረጻ የሰጡት እናት ዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ (የሌሊት ጥበቃው ሁልጊዜ ይረሳል!)።

የስሞቹ ጽሑፍ በየፍሬሙ (በየነጠላ ምስሉ) 3 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ወደ ላይ ይውጣ። በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ፣ ቁመቱ 1080 ፒክስል በሆነ ምስል አንድ ስም 15 ሰከንድ ያህል ይታያል። 2.5 ካደረጋችሁት ፒክስል ስለማይከፈል ፊደሉ ይንቀጠቀጣል።

የአዳራሽ ኃላፊዎች ደግሞ እባካችሁ ዝርዝሩ ሳያልቅ መብራት አታብሩ።

ፊልም አቀናባሪዎች፣ ከሐዋሳ