ኮሌጅ ገባሁ ያልኩሽ ነገር

ሲያትል፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድስ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሰው እጅ የላኩልሽ በስልክ መናገር ያቃተኝ ነገር ስላለ ነው። አትደንግጪ፣ ክፉ ነገር አይደለም። በስልክ ስጀምረው ወይ መስመሩ ይቆረጣል፣ ወይ የእህቴ ልጅ አጠገብሽ ሆኖ ይሰማል፣ ወይ እኔው አፍሬ ወሬ እቀይራለሁ።

ባለፈው ኮሌጅ ገባሁ ብዬሽ ነበር። አንቺም እልል ብለሽ ለዕድሩ ሁሉ አወራሽ። አክስቴ ደውላ "በዚህ ዕድሜሽ ዶክተር ልትሆኚ ነው አሉ፣ ጎበዝ!" ስትለኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ላብ አጠመቀኝ። ኮሌጅ መግባቴ ውሸት አይደለም። በሩ ላይ ኮሌጅ ተብሎ ተጽፏል፣ መታወቂያም ሰጥተውኛል። የምማረው ግን እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ። ያውም ከ6ቱ ደረጃ 3ኛው ላይ።

"17 ዓመት አሜሪካ ተቀምጠሽ?" እንደምትይ አውቃለሁ። ሲያትል እንግሊዝኛ ሳትችይም ያኖርሻል። ሬኒየር ጎዳና ላይ እንጀራው፣ በርበሬው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ታክስ የሚሠራልሽ ሰው ሳይቀር በአማርኛ ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት መኪና ማቆሚያ አለቃዬ የጎንደር ልጅ ነበር። ልጄ ካደገች ወዲህ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ስልክ ሲመጣ "ማሚ፣ ስጪኝ እኔ ላውራ" ትላለች፤ እኔም እሰጣታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ 17 ዓመት ሄደ።

አልተማርኩም አልልሽም። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነበር። ፎቶሲንተሲስ ምን እንደሆነ ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሺኝ በቃሌ እወጣዋለሁ። የቤቴ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ግን ያንጠባጥባል የምትለዋን ቃል አላውቃትም። ለአከራዬ "ዋተር ፕሮብሌም" ብዬ ዝም።

ለትምህርቱ ያበቃኝ ሌላ ነው። አሁን የምሠራው አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ነው። አደልት ፋሚሊ ሆም ይሉታል። ሰፈር መሀል ያለ ተራ መኖሪያ ቤት ሲሆን ስድስት አዛውንት ይኖሩበታል። እናጥባቸዋለን፣ እናበላቸዋለን፣ ክኒናቸውን በሰዓቱ እንሰጣለን። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ባልቴት የደም ግፊት ክኒናቸውን አልውጥም አሉ። ቆየት ብዬ ልሞክር ብዬ ተውኳቸው። በዚህ መሀል ነርሷ ደወለች። "ክኒናቸውን አልወሰዱም?" አለችኝ በእንግሊዝኛ። እኔም "የስ" አልኩ።

አየሽ፣ በእኛ "አልበላሽም?" ቢሉሽና ባትበዪ መልስሽ "አዎ፣ አልበላሁም" ነው። በእነሱ "የስ" ካልሽ ወስደዋል ማለት ነው። ላልወሰደ ሰው የሚባለው "ኖ" ነው። ነርሷ "ኦኬ" ብላ ስልኩን ዘጋች። እኔ ደግሞ ካልፈለጉ ይቅር ያለችኝ መሰለኝ፤ ሁለተኛ አልሞከርኩም። ማታ ባልቴቷን አዞራቸው። ግፊታቸው ሲለካ ሰማይ ነክቷል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በማግሥቱ ደህና ሆኑ። የቤቱ ባለቤት ግን አስቀምጣ "ለምን ዋሸሽ?" አለችኝ። እማዬ፣ አልዋሸሁም። አዎ ነው ያልኩት። ግን ይህንንም በእንግሊዝኛ ማስረዳት አቃተኝ። አውቶቡስ ውስጥ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። በሳምንቱ ሄጄ ተመዘገብኩ።

ክፍያው እንዳያሳስብሽ። ለአንድ ኳርተር፣ ሦስት ወር ገደማ ማለት ነው፣ 25 ዶላር ብቻ። መጀመሪያ ካሳስ የሚባል ፈተና አለ፤ ደረጃሽን የሚለዩበት። እኔ ሌሊቱን ሰዋስው ሳጠና አድሬ፣ እነሱ ያመጡልኝ ማስታወቂያና የሰዓት ሰሌዳ አንብቢ ነው።

ክፍሉን ብታዪው! አጠገቤ የሚቀመጡት የቬትናም ሽማግሌ አንቺን ቢያንሱ በሁለት ዓመት ነው። ከኋላዬ በአገሯ መሐንዲስ የነበረች ዩክሬናዊት አለች። በሩ አጠገብ ጣራ ሲጠግን ውሎ ከነቦት ጫማው የሚመጣ የጓቲማላ ልጅ ይቀመጣል፤ ስምንት ሰዓት ሥራ ላይ ቆሞ ውሎ አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ አያውቅም። ሁለት ሶማሌዎችና አንዲት ኤርትራዊትም አሉ። ከኤርትራዊቷ ጋር ትግርኛና አማርኛ እየቀላቀልን ስናወራ ተይዘን ተለያይተን እንድንቀመጥ ተደርገናል። በ48 ዓመቴ በወሬኛነት ቦታ ተቀየረብኝ!

አስተማሪያችን ያንቺ እኩያ እናት ናቸው። ጡረታ ወጥተው ቤት መቀመጥ ሰልችቷቸው የተመለሱ። በስሜ ጥሩኝ ይላሉ። እንዴት አድርጌ? እንግሊዝኛ ደግሞ እርስዎ የሚባል ነገር የለውም፤ ለቄሱም ለሕፃኑም ያው "ዩ" ነው። እኔ "ቲቸር" እላቸዋለሁ፣ የቬትናሙ ሰውዬም "ቲቸር" ነው የሚሏቸው። መጀመሪያ ሰሞን በእኔ ይደነግጡ ነበር። እኛ አዎ ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርግ የለ? አንቺማ በስልክ ከቃል ይልቅ እሱን ነው የምትመልሺልኝ። እሳቸው እያስረዱ እኔ ሳብ ሳደርግ፣ ቾኩን ይዘው ቆም ብለው "አመመሽ?" ይሉኛል።

ግሡ መከራ ነው። ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባል አለ። ሰሌዳው ላይ መስመር አሰመሩ፣ ቀስት ሳሉ፣ ክፍሉ ሁሉ ፈዞ ቀረ። እኔ ግን በራልኝ። ሁሉ ቦታ ባይገጥምም እኮ የእኛው "በላሁ" እና "በልቻለሁ" ነው! አንቺ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር "በልተሻል?" የምትይኝ እሱ ነው ለካ። ምሳሌ ጻፉ ሲሉን ያንቺን ጥያቄ ገልብጬ ጻፍኩ። ትክክል ሆነ።

እምቢ ያለችኝ አንዲት ፊደል ናት። "እሷ ትሠራለች" ለማለት ከግሡ ጫፍ "ኤስ" ትጨመራለች። ሁልጊዜ እረሳታለሁ። ቲቸር ወረቀት ሲመልሱ በቀይ አይሰርዙም። የጎደለችበት ቦታ ላይ በእርሳስ ትንሽ ክብ ያደርጋሉ፣ ባዶ ክብ። ባለፈው ሳምንት አንድ ገጽ ላይ 11 ክብ ቆጠርኩ። ክቦቹን እያየሁ ነው የዛሬ ስንት ዓመቱ ነገር ትዝ ያለኝ። ይህንን የምጽፍልሽም ለእሱ ነው።

4ኛ ክፍል ሆኜ ታምሜ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት የቀረሁ ጊዜ፣ ለአስተማሪዬ ወረቀት ጻፍሽልኝ። አንቺ ፊደል የቆጠርሽው በመሠረተ ትምህርት ነው። በ1971 ዘመቻው ሲጀመር እኔን አዝለሽ ማታ ማታ ቀበሌ ትሄጂ እንደነበር፣ ሳለቅስም ዘማቹ ተማሪ ተቀብሎሽ ያባብለኝ እንደነበር ነግረሽኛል። ከዚያ በፊት ኅብረት ሱቅ ስኳር ስትወስጂ አውራ ጣትሽን ቀለም ነክረሽ ነበር የምትፈርሚው። ወረቀቱ አራት መስመር ነበረች። "ስለታመመች" ለማለት "ስለታመች" ብለሻል። አንድ "መ" ጎድላለች።

አፈርኩ። ሥላሴ አጥር ጋ ስደርስ ቀደድኩትና ቦይ ውስጥ ጣልኩት። በራሴ እጅ ሌላ ጻፍኩ፣ በስምሽም ፈረምኩ። ማታ "ሰጠሽው?" ስትይኝ "አዎ" አልኩ። "ምን አለ?" ስትይኝ "ጥሩ ነው አለ" አልኩሽ። ፊትሽን መልሰሽ ሽሮውን ማማሰል ቀጠልሽ፤ ግን ፈገግ ስትይ አይቼሻለሁ።

የዋሸሁት ያኔ ነው እማዬ። ይቅር በይኝ።

ለዕድርተኞቹ ያው ኮሌጅ ነው በያቸው፣ ዶክተሩን ግን አንሺልኝ። ፈተናው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ካለፍኩ 4ኛ ደረጃ እገባለሁ። ከክፍል የምወጣው ማታ 3 ሰዓት ነው፣ አንቺ ጋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ሰሞኑን በዚያ ሰዓት የምደውልልሽ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው። ከጀርባዬ የሚንሿሿው ዝናብ ነው፣ ቴሌቪዥን አይደለም።

ይህን ያደረሰልሽ ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሳል። በርበሬ አትላኪ፣ እዚህ ሞልቷል። መልስ ላኪልኝ። ራስሽ ጻፊው፣ ልጁ በስልክ እንዳይጽፍልሽ። አራት መስመር ይበቃል።

ናፋቂ ልጅሽ

ሳልረሳው፦ ከእንግዲህ "ክኒንሽን አልወሰድሽም እንዴ?" ስልሽ ትንፋሽ ሳብ አድርገሽ አትለፊኝ። "ወስጃለሁ" ወይም "አልወሰድኩም" በይ።