የሐሙስ ስብሰባ፦ የኢንፍሉዌንዛ ሕሙማን ምዝገባ

ውድ የጥናት ቡድናችን አባላት፣

ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት እዚሁ ግሩፕ ላይ በድምፅ እንገናኛለን። ጉዳዩ አንድ ነው፤ በኢንፍሉዌንዛ ተጠርጥረው ሆስፒታል የተኙትን ሁላችንም በአንድ መስፈርት እንመዝግብ። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ግልጽ ነው፦ ትኩሳት (የተነገረ ወይም ሲለካ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ)፣ ሳል፣ ከጀመረ 10 ቀን ያላለፈው፣ ሆስፒታል መተኛት ያስፈለገው። አንዳችን ሳልን ብቻ አይተን፣ ሌላችን ትኩሳትን ጨምረን ከመዘገብን ቁጥሩ አይነጻጸርም። አረጋውያን ግን ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል። እኔ ለብቻ ይመዝገቡ ባይ ነኝ፤ እንወስናለን።

ያለፉትን 4 ሳምንታት መዝገብ አዘጋጁ፤ ዕድሜ፣ የገቡበትና ናሙና የተወሰደበት ቀን ይኑረው። የታካሚ ስም ግን አደራ፣ እንዳይገባ። መገኘት አለመገኘታችሁን እስከ ረቡዕ ማታ አሳውቁኝ።