ጉልበት ከመጨመሩ በፊት ስለሚቀድሙ ሥራዎች፦ የቆዩ ፈጣን መኪኖችን ለሚያሳድሱ ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ

ጉዳዩ፦ የቆዩ ፈጣን መኪኖች የሜካኒክ እድሳትና ማሻሻያ የሚከናወንበትን ቅደም ተከተል ይመለከታል

ካለፈው ዓመት ወዲህ እንደ ቢኤምደብሊው 325አይ፣ ፔዦ 205 ጂቲአይ፣ አልፋ ሮሜዎና ቶዮታ ሴሊካ ያሉ የቆዩ ፈጣን መኪኖችን ይዛችሁ የመጣችሁ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁን አንድ ነገር ነው፤ ጉልበቱ ይመለስልን፣ ከተቻለም ይጨመርልን የሚል። እኛ ደግሞ መኪናውን ከጠበቃችሁት ጊዜ በላይ አቆይተን፣ ያላዘዛችሁትን የፍሬንና የማቀዝቀዣ ሥራ በሂሳቡ ላይ ጽፈን ስናቀርብላችሁ ቅር የተሰኛችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ምክንያቱን አስቀድመን ባለመንገራችን ቅሬታችሁ ተገቢ ነው። ከኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ጉልበት የሚጨምር ማናቸውንም ሥራ የምንቀበለው የመኪናው ፍሬን፣ ማቀዝቀዣና የሞተሩ ጤንነት ተመርምሮ የተገኘው ጉድለት ከተስተካከለ በኋላ ብቻ መሆኑን እያሳወቅን፣ ወደዚህ ውሳኔ ያደረሰንን ነገር ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከ70 በመቶ ብዙም አይበልጥም። አየር በግፊት የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 170 ገደማ የፈረስ ጉልበት የነበረው 325አይ አንዳች ሕመም ሳይኖርበት እዚህ የሚሰጠው 120 አካባቢ ነው። ሞተሩ ደክሟል ተብለው ከሚመጡልን መኪኖች ጥቂት የማይባሉት ደብረ ብርሃን ላይ ከመቆማቸው በቀር ሌላ ጥፋት የለባቸውም።

የአየሩ መቅጠን ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው የኮምፕሬሽን ልኬት፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት፣ ሲነበብ ነው። በባሕር ጠለል አካባቢ 11 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ ሲለካ 8 ባር ገደማ ያሳያል፤ ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር ገና ሲገባ ቀጭን ነውና። የፋብሪካውን መጽሐፍ ገልጦ ቁጥሩን እንዳለ የሚያነብ ባለሙያ ግን ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል፣ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ይውረድ ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ባለፈው ሰኔ እ.ኤ.አ. በ1988 የተሠራ 325አይ ይዞ ለመጣ ደንበኛችን ሌላ ቦታ የተነገረው ይኸው ነበር፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች ከሚሸጡበት ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ላገኘው ያገለገለ ሞተር ቀብድ ሊከፍል ሲል ነው። ስድስቱን ሲሊንደሮች ስንለካ ዝቅተኛው 7.8፣ ከፍተኛው 8.1 ባር ሆኖ ተገኘ። እኛ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እንመለከታለን፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ሲያልፍ እሳት በሚሰጠው ካንዴላ ቀዳዳ የተጨመቀ አየር አስገብተን በየት በኩል እንደሚወጣ እናዳምጣለን። በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) በኩል ካፏጨ ቫልቭ ነው፣ በዘይት መሙያው በኩል ከተነፈሰ ፋሻ ነው፣ በራዲያተሩ ውሃ ውስጥ አረፋ ካስነሳ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ነው። የዚያ መኪና ሞተር ከእነዚህ አንዱንም አላሳየም።

ችግሩ የነበረው ሌላ ቦታ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.25 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት የቫልቮቹ ክፍተት በስድስት ቫልቮች ላይ ጠብቦ ነበር። ከዚህም ሌላ ይህ ሞተር የሚስበውን አየር የሚለካው በአየሩ ግፊት በሚከፈት በር መሰል ክዳን ስለሆነ፣ ከፍታ ላይ የቀጠነውን አየር ከእውነተኛ ክብደቱ አብልጦ ይገምታል፤ ነዳጁም በዚያው ግምት ይጨመራል። ጥላሸት የለበሱት ካንዴላዎች የሚናገሩት ይህንኑ ነበር። ቫልቮቹ ተስተካክለው፣ የአየር መለኪያው ሞላ በጥቂቱ ጠብቆ የነዳጁ መጠን ከተመጠነ በኋላ ደንበኛችን በአንድ የሥራ ቀን ዋጋ መኪናውን ይዞ ሄዷል። ካርቡራተር ላላቸው እንደ አልፋ ሮሜዎ ላሉ መኪኖችም ያው ነው፤ ነዳጅ የሚመጥነው ቀዳዳ ለባሕር ዳርቻ አየር የተሠራ ከሆነ እዚህ መጠኑ መቀነስ አለበት።

የዚሁ መኪና ታይሚንግ ቤልት፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያስተባብረው ቀበቶ ግን የተቀየረበት ጊዜ በየትም አልተመዘገበም ነበር። በዚህ ሞተር ላይ ቤልቱ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶኑ ጋር ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው የቴስታታ ሥራ ነው። ላስቲክ ደግሞ መኪናው ቆሞ ሳለም ያረጃልና «ብዙ አልተነዳም» የሚለው ማስረጃ ለቤልት አይበቃም። የተጻፈ ማስረጃ ካልቀረበልን ቤልቱን ከመወጠሪያውና ከውሃ ፖምፓው ጋር እንቀይራለን፤ ከዚያ ወዲህም በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየ4 ዓመቱ፣ ከሁለቱ በቀደመው።

ወደ ማቀዝቀዣው እንለፍ። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። የማቀዝቀዣውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚያሳልፈው ቴርሞስታት የሚከፈተው 80 ዲግሪ ግድም ነው ብንል፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ሞተሩ ከጤናማ ሙቀቱ እስከ መፍላት ያለው ርቀት 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ጤነኛ ክዳን 0.9 ባር ግፊት ሲይዝ ግን የመፍላቱ ነጥብ ከ110 ዲግሪ ያልፋል። በጥቂት ብር የሚገዛው ክዳን የቴስታታውን ዕድሜ ይወስናል ስንል ማጋነን አይደለም፤ የ325አይ ቴስታታ አሉሚኒየም በመሆኑ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይጣመማል፣ ተጣሞም በሬክቲፊካ (በማሽን ፊቱን በማስተካከል) ሁልጊዜ አይድንም።

ሞተር አስቸገረ ሲባል ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል በአገራችን የተለመደ ነው። በቆላ ጥቂት ትርጉም ሊኖረው ይችል ይሆናል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ነጭ ውርጭ በሚለብስበት ከተማ ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ቀኑ ይመሻል፣ ነዳጁ ይበዛል፣ ያልተቃጠለው ነዳጅም የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ፋሻውን ይበላል። ያለ ቴርሞስታት የመጣ መኪና ያለ ቴርሞስታት ከእኛ ዘንድ አይወጣም። እንደዚሁም ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ብቻ አንሞላም፤ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለው ፀረ ውርጭ ፈሳሽ ከመርጋት ከመከላከሉ ይበልጥ የሚጠቅመን አሉሚኒየሙን ከዝገት ስለሚጠብቅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እንድታነቡልን የምንፈልገው ስለ ፍሬን የምንጽፈውን ነው። ከጣርማ በር ዋሻ በደብረ ሲና አድርጎ እስከ ሸዋሮቢት ያለው መንገድ ከ1,700 ሜትር በላይ ይወርዳል። አራት ሰው ይዞ በጠቅላላው 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ቁልቁለት ሲወርድ ሊዋጥ የሚገባው ጉልበት፣ ያንኑ መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከሚሮጥበት ፍጥነት ከ40 ጊዜ በላይ ከማስቆም ጋር ይተካከላል። ከፊሉን ሞተሩና አየሩ ይቀበሉታል፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ዲስኩና ሸራው ላይ፣ ከዚያም የፍሬን ዘይቱ ላይ ያርፋል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ነገር ግን ከአየር እርጥበት እየሳበ በዓመታት ውስጥ ውሃ ሲገባበት ይህ ደረጃ ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል የሚነካው ለዚህ ነው።

ይህን የምናውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ደንበኛችን ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍትና የጭስ ማውጫውን ለውጠን ሞተሩን አነቃቅተን ሰጠነው፤ የፍሬን ዘይቱ ስንት ዓመት እንደቆየ ግን አልጠየቅንም። ከደብረ ሲና ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ ባዶ ሆነበት። ማርሽ እየቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ እየሳበ በመንገዱ ጠርዝ ጠጠር ላይ አቆመው፤ ማንም አልተጎዳም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፣ ለእርሱም ያኔውኑ ነግረነዋል። የዛሬው ደብዳቤ ዋና ምክንያትም ይኸው ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ፍሬኑ ከበደኝ» ስትሉን የምትሰሙት መልስ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። የፍሬን ሰርቮ እግራችሁን የሚያግዘው በውጭው አየር ግፊትና በሞተሩ መሳቢያ ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ የውጭው ግፊት እዚህ ስለሚያንስ እገዛውም ያንሳል። የተቀደደ የሰርቮ ቱቦ ወይም የማይዘጋ ቫልቭ ያለበት መኪና ቆላ ላይ እንደ ምንም ሲነዳ ቆይቶ ጣርማ በር ላይ የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው። እድሳቱ ዲስክ፣ ሸራ፣ የላስቲክ ቱቦና የካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ጎማዎችን ይጨምራል፤ ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ እንቀይራለን። ትልቅ ዲስክና ባለ አራት ፒስቶን ካሊፐር ለሚፈልግ አንከለክልም፣ ሆኖም የመጀመሪያው ፍሬን ወደ ፋብሪካው ደረጃ ከተመለሰ ለአብዛኛው ሰው ይበቃዋል ብለን እናምናለን።

ስለ እግር ክፍሉ አጭር ነው። ያረጁ ጎሚኒዎችን (የመገጣጠሚያ ላስቲኮችን)፣ አሞርዛተሮችን (ንዝረት አብራጆችን) እና ኩሽኔታዎችን እንቀይራለን፤ ጎሚኒውን በፋብሪካው ዓይነት ላስቲክ እንጂ ጠጠር ባለው ፖሊዩረቴን አንተካም፣ እንዲህ ያለ መኪና ከተማችን ውስጥ ኮብልስቶን ላይ ሲነዳ ጥርስ ያነቃንቃልና። ሞላ ቆርጦ መኪና ማሳጠርን ከነጭራሹ አንሠራም።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ቴስታታውን ማጽዳትና የአየር መግቢያና መውጫውን ማለስለስ፣ ካምሻፍት መለወጥ፣ ማርሚታውን ማስፋት በትክክል ሲሠሩ የሚታይ ለውጥ ያመጣሉ፤ ከፍታው የወሰደውን ግን አይመልሱም። ያንን የሚመልሰው እንደ ተርቦ ያለ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ተርቦም ቢሆን በቀጭን አየር ያንኑ ግፊት ለመስጠት በበለጠ ፍጥነት መሽከርከር አለበት፣ ለተርቦ ያልተሠራ ሞተር ደግሞ ፒስቶኑን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ የነዳጅ አቅርቦቱንና ማቀዝቀዣውን ይጠይቃል። ሌላም አደጋ አለ። ቀጭን አየር ሞተሩን ከመንኳኳት (ነዳጁ ያለ ጊዜው በድንገት ከመፈንዳት) ስለሚጠብቀው ኮምፕሬሽኑን ከፍ ማድረግና ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ማስቀደም እዚህ ያለ ችግር ያልፋል፤ ያው መኪና ወደ ሸዋሮቢት ወይም ወደ አፋር ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሞተሩም ማንኳኳት ይጀምራል። ስለዚህ እሳቱን የምንመጥነው ለምትወርዱበት ቆላ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጥቂት ጉልበት ይቀርባችኋል።

ምርመራው ሦስት የሥራ ቀናት ይወስዳል፤ ውጤቱ በጽሑፍ ይሰጣችኋል፣ የምርመራው ዋጋም ሥራው ከተቀጠለ ከጠቅላላ ሂሳቡ ላይ ይቀነሳል። የተነቀለው ዕቃ ሁሉ በካርቶን ተመልሶ ይሰጣችኋል። ያገለገለ ዕቃ ለቴስታታ፣ ለካምቢዮ (ለማርሽ ሳጥኑ) እና ለዲፍረንሻል እንቀበላለን፤ ለፍሬን፣ ለቤልትና ለላስቲክ ግን አንቀበልም። ሞተር ሙሉ በሙሉ የሚቀየር ከሆነ ቁጥሩ በሊብሬው ላይ መመዝገብ ስላለበት የግዥ ሰነዱን ሳታመጡ ሥራው አይጀመርም።

ስትመጡ የቆዩ ደረሰኞቻችሁን፣ ቤልቱና የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየሩ የሚያሳይ ማናቸውንም ወረቀት፣ እንዲሁም መኪናውን በአብዛኛው በየትኛው መንገድ እንደምትነዱት የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ይዛችሁ እንድትመጡ እንጠይቃለን። ኮምፕሬሽኑን የምንለካው ሞተሩ ሲሞቅ፣ የቫልቮቹን ክፍተት ግን ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ መኪናው በዋዜማው ማታ ገብቶ ቢያድር እንመርጣለን።

ከሰላምታ ጋር

የጋራዡ ባለቤትና ዋና መካኒክ