እማዬ፣ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ መርከብ ላይ ወጣ

እማዬ እንዴት ነሽልኝ፣ ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ቅባቱ ካለቀ ንገሪኝ፣ በሚቀጥለው ወር የሚመጣ ሰው አለ እልክልሻለሁ። እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እሁድ ስደውልልሽ "ያ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ አሜሪካዊውን ያዘው ወይ?" ብለሽ ስትጠይቂኝ ስራ ልገባ በር ላይ ስለነበርኩ "እነግርሻለሁ" ብዬ ዘጋሁት፣ ከዛ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሺፍት ላይ ሆኜ ጥያቄሽ ከጭንቅላቴ አልወጣም። በስልክ ደሞ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አንቺም ለካርዱ እያዘንሽ ቶሎ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ቁጭ አልኩ፣ ልጅቷ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

እዚህ በነበርሽ ጊዜ በአስር ሰዓት ሲጨልም ጭንቅ ይልሽ ነበር አይደል፣ ያኔ ነው ፎይልስ ዋር የሚባለውን የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድራማ የከፈትኩልሽ። ቋንቋውን አትሰሚም ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን አንቺ የምስሩን ትሪ ጭንሽ ላይ አድርገሽ እየለቀምሽ ፊታቸውን ብቻ አይተሽ "ይሄ ይዋሻል" ትይ ነበር፣ ደሞ ትክክል ነበርሽ። ባለ ባርኔጣው መርማሪ ፖሊስ ፎይል ራሱ እንደዛ ነው የሚሰራው። አይጮህም፣ አይማታም፣ አንድ ነገር ጠይቆ ዝም ይላል፣ ዝምታው ሲከብዳቸው ራሳቸው ያወጡታል።

ለምን እንደምወደው ጠይቀሽኝ በደንብ አልመለስኩልሽም ነበር። ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ። ታሪኩ የሚጀምረው በግንቦት 1940 ሄስቲንግስ የምትባል የባህር ዳር ከተማ ነው፣ ከባህሩ ማዶ ፈረንሳይ ናት፣ ጀርመን ዛሬ ነገ ይሻገራል እየተባለ ነው። ፎይል ራሱ ወደ ጦርነቱ ስራ ውሰዱኝ ብሎ ይጠይቃል፣ አይሆንም እዛው ፖሊስነትህ ላይ ቆይ ይሉታል። በመጀመሪያው ክፍል የምትገደለው ደሞ ጀርመናዊት ናት፣ ፈረስ እየጋለበች ሰው መንገዱ ላይ በወጠረው ሽቦ የሞተችው፣ ታስታውሻለሽ፣ ዓይንሽን የሸፈንሽባት። ሀገሩ ሁሉ ጀርመን በሚጠላበት ሰዓት ለሷ ማን ያዝናል? እሱ ግን የማንም ትሁን ተገድላለች፣ የገደላት ሰው አለ ብሎ ይነሳል። እኔን የያዘኝ እዚህ ጋ ነው እማዬ። ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ ስለ አንድ ሰው ሞት በር እያንኳኳ የሚጠይቅ ሰው ማየት።

ሌላው ሁሉ ደሞ አለ፣ የቤቱ እቃ፣ መኪናው፣ ባህሩ፣ የማትጠግበዋ ሹፌር ሳም፣ ኖርዌይ ላይ እግሩን አጥቶ የተመለሰው ረዳቱ ሚልነር። አንቺ ግን ራሽኑን ስታዪ ነው ቤትሽ የገባሽ የመሰለሽ። ስኳርና ቅቤ ከጥር 1940 ጀምሮ በካርድ ሆነ፣ በኋላ ለአንድ ሰው በሳምንት አንድ እንቁላል፣ አንቺም የቀበሌ ሱቅ ሰልፉን፣ የስኳሩን ኮታ ነገርሽኝ። ሽንኩርት ከፈረንሳይ መምጣቱ ሲቀር እኮ አንድ ራስ ሽንኩርት በሎተሪ እጣ እያወጡ ይወስዱ ነበር ስልሽ ትሪውን አስቀምጠሽ "ታዲያ ወጡን በምን ሰሩት?" አልሽ።

የጣልያኑ ሰውዬ ቀን ግን ሌላ ነበር። ሰኔ 10 ቀን 1940 ጣልያን እንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ስንት ዘመን ምግብ ቤት ከፍቶ የኖረውን ጣልያን፣ የፎይልን ጓደኛ፣ ሰዉ ተሰብስቦ ቤቱን ያቃጥልበታል፣ እዛው ውስጥ ይሞታል። እኔ አንቺን ነበር የማየው፣ የአርበኛ ልጅ ነሽ፣ አያቴ ጣልያን የሚባል ስም ቤቱ ውስጥ አያስጠራም ነበር ብለሽ አሳድገሽናል። ዝም ብለሽ ቆየሽና "የሱ ጥፋት ምንድነው፣ እሱ ምግብ አብሳይ ነው" አልሽ። ጃንሆይ እኮ በዛ ሰዓት እዚሁ እንግሊዝ ባዝ ከተማ በስደት ነበሩ፣ ከዛ ቀን ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው ወደ ሱዳን የተነሱት፣ በግንቦት 1941 አዲስ አበባ ገቡ። ሁለቱን ታሪክ ለየብቻ ነበር የማውቀው፣ ካንቺ ጋር ሳየው ነው አንድ ሰሞን መሆኑ የገባኝ።

ድራማ ነው እንዳትይኝ ደሞ እውነተኛውንም ላጫውትሽ። በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ፖሊስ የመዘገበው ወንጀል በ1939 ከነበረው 303 ሺህ ገደማ ተነስቶ በ1945 ወደ 478 ሺህ ደርሷል። ጨለማው፣ የፈረሰው ቤት፣ የጠፋው ሰው ብዛት ለክፉ ሰው ተመቸው። ሃሪ ዶብኪን የሚባል ሰው በ1941 ሚስቱን ገድሎ ሎንደን ቮክስሆል ውስጥ ቦምብ የመታው ቤተክርስቲያን ስር ቀበራት፣ የአየር ድብደባ ገደላት ይሉ መስሎት። በሚቀጥለው ዓመት ፍርስራሹን የሚያነሱ ሰራተኞች አገኟት፣ እነሱም መጀመሪያ ቦምብ የገደላት ነበር የመሰላቸው። ኪት ሲምፕሰን የሚባል ሐኪም ግን አየና ቦምብ እንዲህ አይቆራርጥም፣ ኖራም አይነሰንስም አለ። ጥርሷን ከጥርስ ሐኪሟ መዝገብ ጋር አስተያይተው ማን እንደሆነች አወቁ፣ ባልየውም በ1943 መጀመሪያ ተሰቀለ። ከተማው በሙሉ በሬሳ ተሞልቶ አንድ ሰው የአንዲት ሴት ጥርስ ይቆጥራል። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር እጄ ይቀዘቅዛል።

እሺ፣ አሜሪካዊው። እንግሊዝ ያኔ አሜሪካን እየለመነች ነው፣ በመስከረም 1940 ሃምሳ አሮጌ የጦር መርከብ ሰጥተዋት በምትኩ ለጦር ሰፈር የሚሆን ቦታ ለ99 ዓመት ወሰዱ። አሜሪካዊው ለዚህ እርዳታ የሚያስፈልግ ትልቅ ሰው ስለሆነ መግደሉ ቢታወቅም አይነካም፣ ልቀቀው ይባላል። ፎይል ፊት ለፊቱ ቆሞ ጦርነቱ አንድ ቀን ያልቃል፣ ያኔ እመጣልሃለሁ ይለዋል። አንቺ እዚህ ጋ ነው የተነሳሽው፣ በሳምንቱ ወደ ሀገር ተመለስሽና መጨረሻውን ሳታዪ ቀረሽ።

ረሳው እንዳትይ፣ አልረሳውም። ያ ክፍል የወጣው በ2003 ነው፣ ተመልካቹም ሰባት ዓመት ጠበቀ። ጦርነቱ አልቆ ሰዉ ወደየቤቱ ሲገባ፣ በ2010 በወጣው ክፍል መጨረሻ ላይ ፎይል ሳምን ተሰናብቶ አሜሪካ ያላለቀ ስራ አለኝ ብሎ መርከብ ላይ ይወጣል። ሲይዘው አያሳዩሽም እማዬ፣ ሲሄድ ብቻ ነው የምታዪው። እኔ በቃኝ።

ግን ያን ማታ ያልሽውን ነገር እስካሁን አላነሳሁብሽም። ቴሌቪዥኑ እየሄደ እጅሽ ምስሩ ላይ ቆመ፣ አንድ ፍሬ በሁለት ጣትሽ ይዘሽ ሳትጥያት ሳትመልሻት "ለወንድሜ እንዲህ ያለ ሰው አልመጣለትም" አልሽ። በእኛ አቆጣጠር በ1970 በሌሊት ከቤት እንደወጣ እንደቀረ፣ ማልቀስ እንኳን እንዳልተቻለ ነገርሽኝ። አርባ ዓመት አብሬሽ ኖሬ ይሄን አንድም ቀን አልነገርሽኝም ነበር፣ እኔም ጠይቄሽ አላውቅም። ከዛ ምስሩን ጨርሰሽ ለቀምሽ፣ ተኛሽ።

ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። ድምፅ መቅጃ ይዤ ነው የምመጣው። እስከዛ ያቺን ሳጥን ውስጥ ያለችውን ወንድምሽ ሰፊ ሱሪ ለብሶ የተነሳትን ፎቶ አውጪልኝ፣ ጀርባዋ ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ልጅቷ ታንብብልሽ። ስንት ሰው ነበር የመጣው? በሩን የከፈተው ማነው? ምን ለብሶ ነበር የወጣው? ካስታወስሽው ቀስ እያልሽ አስቢልኝ፣ ካልፈለግሽም እሺ፣ አብረን ቁጭ እንላለን።

ልጅሽ